ሻምበል ምን ይወዳል?

ፒያሳ፣ መጋቢት ሊያልቅ ሲል

ውድ ጋሼ ወልደሥላሴ፣

ደህና ነዎት ወይ ብዬ አልጀምርም። እሱንማ በየእሑዱ በስልክ ስንባባል ከርመናል። እርስዎ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውሉና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ረይሁ» ይሉኛል፤ ከኋላዎ ልጅዎ ሙሉዓለም «አባዬ፣ መድኃኒትህን!» ስትል ይሰማኛል። እኔም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን፤ ሻምበልም ደህና ነው» እላለሁ። ሁለታችንም እንዋሻለን፣ የእኔ ግን ይብሳል።

ሻምበል ደህና አይደለም ጋሼ። ውሻዎ ሊሞት ነው፤ ወይም እኛ በመርፌ ልናሳርፈው ነው። የትኛው እንደሚሻል የሚያውቅ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ ጠፍቶ ነው የምጽፍልዎ።

ቀስ ብዬ፣ ዙሪያውን ዞሬ መናገር እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ግን ቀስ ብሎ መናገር የሚባለውን ነገር ጠልቼዋለሁ። ለምን እንደጠላሁት እደርስበታለሁ።

በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ችግሩ ስልኩን የምትይዝልዎ ሙሉዓለም ናት፤ ድምፁንም ለቃ ጠረጴዛ ላይ ነው የምታስቀምጠው። የእርስዎ ጆሮ ቢደክምም ዓይንዎ ግን ደህና ነው። ፀጉር ቤትዎ ውስጥ ሳሉ ጋዜጣውን ያለ መነጽር አንብበው፣ ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ አስተያየት ጨምረው ሲያድሉ የኖሩ ሰው ነዎት። ስለዚህ ጻፍኩ። ደብዳቤውን ጎረቤታችን እትዬ አክበረት ሊጠይቁዎት ሲመጡ ያመጡልዎታል። ለማንም ሳያሳዩ እጅዎ ላይ እንዲሰጡልኝ በጊዮርጊስ አስምያቸዋለሁ። «አንቺ እስላሟ በጊዮርጊስ ታስምያለሽ?» ብለው ሳቁብኝ፤ በእኔ ሃይማኖት ቢምሉልኝ ግን አላምናቸውም ነበር።

የእናንተ ቤት ለመንገዱ ፈርሶ የእኛ የጓሮው ሲቀር፣ ሻምበልን ይዘውት ነበር የሄዱት። ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ መውጣት አቃተው። ተሸክመው ሲያወጡት ሲያወርዱት ወገብዎን ያዘዎት። ሙሉዓለም በፒክአፕ ጭና መልሳ ስታመጣው «ለጊዜው ነው ረይሁ፣ ምድር ቤት የሚቀይረኝ ሰው እስካገኝ» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ምድር ቤት ያለው ሰው ሞኝ ነው እንዴ ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር የሚቀይረው?

ጊዜው ረዘመ። አሁን ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ ለብሰዋል። ጆሮው ጭራሽ አይሰማም፤ ግቢው በር ላይ መኪና ጥሩንባ ቢነፋ ዞር አይልም። የኋላ እግሮቹ አይታዘዙትም። ጠዋት ሊነሳ ሲል ፊቱ ይነሳና ኋላው ይቀራል፣ ትንሽ ይታገላል፣ ተመልሶ ይወድቃል። ሽንቱን ባለበት ይለቀዋል። ከለቀቀው በኋላ አንገቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ውሻ ያፍራል ብዬ አላውቅም ነበር።

እሑድ ሲደውሉ «እስቲ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ» ይሉኛል። አደርገዋለሁ። «ሻምበሌ! የኔ ጌታ! የኔ አንበሳ!» ይላሉ፤ ድምፅዎ ግቢውን ይሞላዋል፣ እትዬ አክበረት ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወጥተው ይሰማሉ። እሱ ተኝቷል። ዝንብ አፍንጫው ላይ ታርፋለች፣ አያባርራትም። ከዚያ «ምን አደረገ?» ይሉኛል። «ጭራውን ቆላ» እላለሁ። እርስዎ ይስቃሉ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ወደ ሱቄ እወርዳለሁ፤ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ እሸጣለሁ። ምንም አይሰማኝም። ዋሸሁ ብዬ እንኳ አይቆጨኝም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ረይሀና እሱን እንዴት ታነሳዋለች ብለው ሳያስቡ አይቀሩም። ያውቁኛላ! እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ መጥረጊያ ይዛ ነበር የምትጠብቀው። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው እያለች ነው ያሳደገችኝ። እዚህ ግቢ ዕድሜውን ሙሉ ሲኖር አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም። እርስዎ ማታ ከፀጉር ቤት ሲመለሱ «ሻምበል! ለእመቤቲቱ መንገድ ልቀቅ!» ይሉት ነበር፤ እሱም የገባው ይመስል ወደ ጥግ ፈቀቅ ይላል። ሰላምታችን በሩቁ ነበር፣ ተከባብረን ነው የኖርነው።

መነሳት ያቃተው ቀን ግን ምን ላድርግ? ቆሜ አየሁት፣ እሱም ያየኝ መሰለኝ። አጎቴን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ኪታብ የቀሩ፣ ሃይማኖቱን የተማሩ ሰው ናቸው፣ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ልብስሽ ይታጠባል፣ እጅሽም ይታጠባል። የተጠማ ውሻ ጥለሽ ያለፍሽ እንደሆነ ግን እሱን በምን ታጥቢዋለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጓንት አጥልቄ፣ ማዳበሪያ ከሥሩ አስገብቼ እየጎተትኩ ጠዋት ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ፣ ሲመሽ አስገባዋለሁ። ምንም ክብደት የለውም። እንደ ባዶ ሻንጣ ነው የሚነሳው።

ሁዳዴ ሲገባ መብላት አቆመ። እትዬ አክበረት ጥቂት ቀን አይተው «በቃ፣ እህል ከተወ ነገሩ አልቋል» ብለው ፈረዱበት። አትክልት ተራ ጋሪ የሚገፋው ተከራያችን አማኑም ጋሪውን ግቢ ድረስ ይዞ መጥቶ «ልውሰደዋ፣ ወንዝ ዳር አስቀምጬው ልምጣ» አለ። ክፋት የለውም፣ ሰውየው የሚያውቀው መላ ማጓጓዝ ነው። «ትንሽ ቆይ» አልኩት። ለምን ቆይ እንዳልኩት ራሴም አላወቅሁም፤ አዝኜ አልነበረም።

ረመዳን ውስጥ አንድ ማታ ለፍጥር የሠራሁት ሾርባ ተረፈና ሥጋውን በሳህን አቀረብኩለት። ጋሼ፣ ሳህኑን ሊበላው ነበር! ለካስ ግቢው በሙሉ ጾም ገብቶ፣ እትዬ አክበረት ሽሮ በእንጀራ እየፈተፈቱ ነው የሚያቀርቡለት። ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ሽሮ አልበላም ስላለ ነው ሞት የተፈረደበት። «ውሻውንም አስጾማችሁት እንዴ?» ብላቸው «ታዲያ እኔ በዓቢይ ጾም ሥጋ ልነካልሽ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ራሳቸው ሳቁ፣ አማኑም ጋሪው ላይ ተቀምጦ ሳቀ፣ እኔም አብሬ አፌን ከፈትኩ። በማግስቱ ከእስላም ሥጋ ቤት ሳንባ ገዝቼ ቀቀልኩለት፣ እሱንም በላ። እርስዎ በጾም ጊዜ ምን ያበሉት እንደነበር ጠይቄዎት እንደማላውቅ ያኔ ነው የገባኝ። አንድ ግቢ ውስጥ ኖረን አንዱንም አልጠየቅሁም።

ኢድ ካለፈ በኋላ ሳንባውንም ተወው። አሁን በጾሙ ማመካኘት አልቻልንም።

ዶክተር ፈቲያ የምትባል የእንስሳት ሐኪም አለች፣ ቤት ድረስ ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት መጣች። መሬት ላይ ተንበርክካ ያለ ጓንት ዳበሰችው፤ ሒጃብ የለበሰች ልጅ እንደዚያ ስታደርግ እናቴ ብታይ ምን እንደምትል እንጃ። ዳሌው ጋ ስትደርስ አቃሰተ።

«ያመዋል?» አልኳት።

«ያመዋል እህቴ፣ በጣም ያመዋል። ውሻ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ» አለችኝ። ሰውም ይደብቃል ልላት ነበር፣ ተውኩት።

«ከቀኖቹ የሚበዙት ደህና የሆነባቸው ናቸው ወይስ መጥፎዎቹ?»

«ደህና ማለት ምንድን ነው?» አልኳት። ላሾፍባት አይደለም፤ እኔ ራሴ ብጠየቅ የምመልሰው የለኝም።

እሷም «እሺ፣ የሚወዳቸውን ነገሮች ንገሪኝ» አለች። «መብላትና መጠጣቱን ተዪው፣ የእውነት የሚወደውን። ከእነዚያ ዛሬም የሚያገኘው ካለ ሕመሙን በመድኃኒት ይዘን እናቆየዋለን። ምንም ካልቀረለት ግን ማቆየቱ ለእኛ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም።»

የሚጠላውን ብትጠይቀኝ እስኪመሽ እነግራት ነበር። ሞተር ሳይክል ይጠላል። የጥምቀት ርችት ይጠላል። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ይጠላል። የእናቴን መጥረጊያ እሷ ከሞተች በኋላ እንኳ ባየው ቁጥር ያጉረመርም ነበር። የሚወደው ግን ጠፋብኝ። ብዙ አስቤ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፀጉር ቤትዎ የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፣ አበባ ተተክሎበታል። እግሩ ሳይከዳው በፊት በየጠዋቱ እዚያ ይሄድ ነበር። አግዳሚ ወንበርዎ የነበረችበትን ልክ ያውቀዋል፤ አሽትቶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ ንጣፉ ላይ ይተኛል። ዘበኞቹ ያባርሩታል፣ ይመለሳል። ማታ እርስዎ ይመለሱበት በነበረው ሰዓት ብቻውን እየተጎተተ ይመጣ ነበር። ይህንን ለሐኪሟ ስነግራት እትዬ አክበረት ከበራቸው ሆነው «የሚወደውማ አንድ ነገር ነው፣ እሱም ኮንዶሚኒየም ገብቷል» አሉ።

ሐኪሟ ቀና አለች። «ባለቤቱ በሕይወት አሉ እንዴ? እኔ እኮ ሞተው መስሎኝ ነው።»

«አሉ፣ በየእሑዱ በስልክ ያናግሩታል፤ ግን አልነገርናቸውም።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አለች፣ ቆጣ ብላ። «ጆሮው ሄዷል፣ ዓይኑ ሄዷል። አፍንጫው ግን አለ። ይምጡና ያሽትታቸው። እሳቸውን ካላወቀ፣ ወይም አውቆም ግድ ካልሰጠው፣ ያኔ ራሱ ነግሯችኋል ማለት ነው። ስልክ ደግሞ ሽታ አይወስድም።» ለሕመሙ ማስታገሻ ሰጥታው ቅዳሜ እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

ለሙሉዓለም ደወልኩላት። ከሥራ ወጥታ መንገድ ላይ ነበረች። «ረይሁ፣ አባዬን ልትገይብኝ ነው? ድንጋጤ እንዳያገኘው ሐኪሙ ምን እንዳለ ነግሬሽ የለም ወይ?» አለች። «መርፌውን አስወጊውና ይረፍ። ከፋሲካ በኋላ እኔ አባ ንስሐውንና ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይዤ፣ ጠዋት ማልደን፣ ቀስ ብለን እንነግረዋለን። እስከዚያ ደህና ነው በይልኝ፣ በሞቴ።» ከዚያ ለእርስዎ ፈርታ መንገድ ዳር ቆማ አለቀሰች፣ መኪናው ሲያልፍ ይሰማኛል። አልፈርድባትም፣ አባቷ ነዎት፣ ከእርስዎ ሌላ ማንም የላትም። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው።

ለውሻም መርዶ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያለፈው ሁሉ መጣብኝ። እርስዎም ያውቁታል።

ወንድሜ አብዱልሃኪም የጅቡቲ መንገድ ላይ ከነመኪናው ሲገለበጥ፣ እኔ የሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ተደርጌ ከሆስፒታል መውጣቴ ነበር። ቁስሏ ይዳን፣ ድንጋጤ እንዳያገኛት ተባለ። ተቀበረ፤ ለተዕዚያ፣ ለለቅሶው ተቀመጡ፤ ዱዓው ተደረገ። ስደውል ሚስቱ «መንገድ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም» ትለኛለች። መልእክት እልክለት ነበር፣ ስትመለስ ተምር እንዳትረሳ እያልኩ። ግቢው በሙሉ ያውቅ ነበር። እርስዎም ያውቁ ነበር ጋሼ። በየማታው ሻምበልን አስከትለው በሬ ላይ ቆመው «ቁስሉ እንዴት ዋለ?» ይሉኝ ነበር። ያን ራሰ በራ ደንበኛዎን፣ በየሳምንቱ ፀጉሬን አስተካክለኝ እያለ የሚመጣውን ሰውዬ እያነሱ ያስቁኝ ነበር። ስቄያለሁ። ወንድሜ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ስፌቴን ይዤ ስቄያለሁ።

የተነገረኝ ወር ካለፈ በኋላ ነው። ንጋት ላይ ከሱብሒ ሶላት መልስ በሩ ተንኳኳ፣ ሁላችሁም ገባችሁ፣ እርስዎ ጥግ ላይ ቆሙ። አጎቴ ተናገሩ። እኔ ፊታችሁን አየሁ። ሁላችሁም አልቅሳችሁ ጨርሳችሁ ነበር። ዓይናችሁ ደርቋል፣ ቃሉ አፋችሁ ላይ ለምዷል፤ ሚስቱ እንኳ ልጇን እያጠባች ነበር የምትሰማው። ብጮህ የምጮኸው ብቻዬን ነው። ስለዚህ አልጮህኩም። «ማሻአላህ፣ አላህ ሰብር ሰጣት» አላችሁ። ትዕግሥት አልነበረም፣ ደንዝዤ ነው። እናቴ ስትሞትም እንደዚያው ነበርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ሲያለቅስ አየዋለሁ፣ ሲስቅም አየዋለሁ፤ በመስታወት ውስጥ እንዳለ ሰው ነው የማየው።

አልተቀየምኩዎትም ልል ነበር። ተቀይሜዎት ነበር። ለእኔ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሁሉም ለእኔ አስቦ ነው። ግን የእኔ ሐዘን ነበር፣ እኔ ሳልኖር ተለቀሰ።

ስለዚህ ለሙሉዓለም የሰጠኋትን እሺ አፍርሻለሁ። ትቆጣኝ። ልብዎን አልፈራሁም ብዬም አልዋሽም፤ ይህን ሲያነቡ አንድ ነገር ቢሆኑ እሷ ዓይኔን ማየት አትፈልግም፣ እኔም መስታወት አላይም። ግን እርስዎ ሰባ ስምንት ዓመት የኖሩ ሰው ነዎት፤ ሚስት ቀብረዋል፣ ቤትዎ ሲፈርስ ቆመው አይተዋል። ውሻዎ ሲሞት ማወቅ አይችሉም ያለው ማነው?

ቅዳሜ ጠዋት አማኑ ታክሲ ይዞ ይመጣል። እርስዎ መድኃኒትዎን ውጠው፣ ደረጃውን ቀስ ብለው፣ የእጅ መደገፊያውን ይዘው ይውረዱ። ለሙሉዓለምም ይንገሯት፣ ተደብቀው አይምጡብኝ፤ መደበቅ ሰልችቶኛል። አብራ ብትመጣ ይሻላል። ሻምበልን ፀሐይ ላይ አውጥቼ እጠብቅዎታለሁ። እጅዎን አፍንጫው ላይ ያድርጉለት። ካወቀዎትና ቀና ካለ፣ ሐኪሟ ማስታገሻውን ትቀጥልለታለች፣ እርስዎም በየሳምንቱ ይመጣሉ፣ ወገቤ እግሬ ማለት የለም። ቀና ካላለ ደግሞ እርስዎ ይወስኑ። በዕድሜው ይሙት ካሉ እሺ። ይረፍ ካሉም እሺ፣ ጭንቅላቱን እኔ እይዛለሁ። ውሳኔው የእትዬ አክበረት አይደለም፣ የሙሉዓለም አይደለም፣ የእኔም አይደለም።

አንድ ልመና ደግሞ ለራሴ አለኝ። እርስዎ ሲያለቅሱ፣ ማልቀስዎ አይቀርም፣ አጠገብዎ ልሁን። እትዬ አክበረት «ለውሻ አይለቀስም» ይሉ ይሆናል፤ ይበሉ። እኔ ይወጣልኝ አይወጣልኝ አላውቅም፣ ቃል አልገባልዎም። ብቻ በዚህኛው ሐዘን ማንም አልቀደመንም። ይምጡ ጋሼ፤ እስካሁን ማንም ማልቀስ አልጀመረም።

የጓሮዋ ጎረቤትዎ
ረይሀና